መልስ፦ ዳንኤል ቡን ቤተሰብ ነበረው ወይ?

«ቡን ብቻውን ጫካ ለጫካ ሲዞር የኖረ ሰው ነው ወይ?» ላልከው፣ ኧረ በጭራሽ! ዳንኤል ቡን ሰፋሪዎችን እየመራ ወደ ኬንታኪ ምድር ያስገባ የ18ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካዊ አዳኝ ነው፤ ቤተሰብም ነበረው። በ1756 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ርብቃ ብራያንን አግብቶ 10 ልጆች ወልደዋል። እሱ ለአደን ወጥቶ ወራት ሲጠፋ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ ናት። እኔን ከጠየቅከኝ ጀግናዋ እሷ ነች።

ኬንታኪ ብዙ አስከፍላቸዋለች። መሬቱ የአሜሪካ ነባር ተወላጆች የሆኑት የሾኒና የቸሮኪ ሕዝቦች አደን ቦታ ስለነበር ዝም ብለው አልለቀቁትም። የበኩር ልጁ ጄምስ በ1773 ተገደለ። ሌላው ልጁ ኢዝራኤል ደግሞ በ1782 ብሉ ሊክስ በተባለ የኬንታኪ ቦታ፣ አባቱ በተዋጋበት ጦርነት ወደቀ።

ሴት ልጁ ጀማይማ በ1776 ከሁለት ልጃገረዶች ጋር ታንኳ ላይ ሳለች በሾኒና በቸሮኪ ተዋጊዎች ተጠለፈች። ልጆቹ ቀንበጥ እየሰበሩ ምልክት ተዉ። ቡንም ዱካቸውን ተከትሎ በሦስተኛው ቀን አስጣላቸው።

በ1778 እሱ ራሱ ተማረከ። የሾኒው አለቃ ብላክፊሽ እንደ ልጁ አድርጎ ተቀበለው። የቡን ሰፈር ቡንስቦሮ ሊጠቃ መሆኑን ሲሰማ ግን አምልጦ መጣ። ርብቃ ሞቷል ብላ ወደ ሰሜን ካሮላይና ሄዳለች፤ እዚያው ቀርታ የጠበቀችው ጀማይማ ነበረች። ይባስ ብሎ ከጠላት ጋር አብሯል ተብሎ በክህደት ተከስሶ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ነጻ ወጣና ማዕረግ ጨመሩለት።

ያ ሁሉ የተከፈለበት መሬትስ? በይዞታ ወረቀት ጣጣ አብዛኛው ከእጁ ወጣ። በ1799 ቤተሰቡን ይዞ ያኔ በስፔን ሥር ወደነበረችው ሚዙሪ ተሻገረ፤ በ1820 እዚያው አረፈ።