መልስ፦ ቱቦው ጉልበት ጨመረ ወይስ አልጨመረም?

ወንድሜ፣ ኮምቦልቻ ላይ ጎማ ሲቀይሩ አልፈታ ያለው ዳዶ፣ በመፍቻው እጀታ ላይ የብረት ቱቦ ሲሰካበት በቀላሉ የዞረው ለምን እንደሆነ ጠይቀዋል። ቱቦው ኃይል አልፈጠረም፤ የጨመረው ቶርክን ነው። ቶርክ ማለት የምንገፋበት ኃይል ከዳዶው መሃል እስከ እጃችን ባለው ርቀት ሲባዛ የሚገኘው የማዞር አቅም በመሆኑ፣ በ300 ኒውተን (የኃይል መለኪያ) ግፊት 25 ሳንቲ ሜትር የሆነው መፍቻ 75 ኒውተን ሜትር ሲሰጥ፣ በቱቦው ወደ 75 ሳንቲ ሜትር ሲረዝም ያው ግፊት 225 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ግፊቱ ከእጀታው ጋር 90 ዲግሪ ሲሠራ ብቻ ነው፤ 30 ዲግሪ ከሆነ ቶርኩ በግማሽ ይቀንሳል፣ ወደ ዳዶው መሃል አቅጣጫ ከገፉ ደግሞ ከላብ በቀር የሚያገኙት የለም።

«ታዲያ ጉልበት በነፃ ተገኘ?» ላሉት፣ አልተገኘም፤ የሚያስፈልገው ግፊት ቢቀንስም፣ ዳዶውን ያንኑ ያህል ማዕዘን ለማዞር እጅዎ ሦስት እጥፍ የረዘመ መንገድ ተጉዟል።

ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ከመጀመርዎ በፊት ሲያጠብቁ ግን ቱቦውን ቢያወጡት ይሻላል፤ ከልክ ያለፈ ቶርክ የቡሎኑን ጥርስ ይልጠዋል ወይም ቡሎኑን ይበጥሰዋል።