ፋብሪካው ወይስ የነጻ አገልግሎት? ለአንዲት ተመራቂ የተሰጠ የሙያ ምክር

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን በጥሞና አነበብኩት። ከአራት ኪሎ በአካባቢ ሳይንስ ልትመረቂ ጥቂት ቀርቶሻል፤ ሁለት በርም ተከፍቶልሻል። አንዱ የታሸገ ውኃ ፋብሪካ ነው፤ በጥራት ቁጥጥር፣ በደሞዝ። ሌላው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ነው፤ ስድስት ወር በነጻ፣ ከትራንስፖርት በቀር ምንም የለውም። ለመመረቂያ ጽሑፍሽ የቡድሂዝምን የአካባቢ አስተሳሰብ ስታነቢ ከርመሽ፣ «ከፕላስቲክ ጠርሙስ የሚገኝ እንጀራ ኅሊናዬ አልቀበል አለ» ብለሻል። አውቶቡስ ተራ እንጀራ ጋግረው ለሱቆች የሚያስረክቡት እናትሽ ደግሞ «ልጄ፣ ኅሊና ኪራይ አይከፍልም» አሉሽ።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ ፋብሪካውን ያዢ። ይህን ስልሽ ያነበብሽውን ከቁም ነገር ቆጥሬው ነው።

ቡድሃ ስለ ትክክለኛ መተዳደሪያ ሲያስተምር ለምእመናን የከለከላቸው ንግዶች አምስት ናቸው፦ የጦር መሣሪያ፣ የሰው፣ የሥጋ፣ የአስካሪ መጠጥና የመርዝ። ፕላስቲክ ከመርዝ ይቆጠራል ብለሽ ብትከራከሪ አልፈርድብሽም። ሆኖም በዚያው ትውፊት ሌላ ታሪክ አለ። አላዊ በምትባል ከተማ አንድ ድሃ ገበሬ ቡድሃን ሊሰማ ፈልጎ በሬው ጠፋበት። ሲፈልግ ውሎ፣ ደክሞና ተርቦ ደረሰ። ቡድሃ ትምህርቱን አልጀመረም፤ መጀመሪያ ምግብ አሰጠው፣ ከበላ በኋላ አስተማረው። መነኮሳቱ በዚህ ሲያጉረመርሙ፣ ረሃብ ከበሽታ ሁሉ የከፋ ነው አላቸው።

መነኩሴ በጥቂት ነገር መኖር የሚችለው ማለዳ ተነሥቶ ሩዝ የሚያበስልለት ምእመን ስላለ ነው። የእኛም የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቦ ሲዞር ቁራሹን የምትሰጠው የጋገረች እናት ናት። በናንተ ቤት ጋጋሪዋ እናትሽ ናቸው። ስድስት ወር በነጻ ብትሠሪ የምትኖሪው በእሳቸው ምጣድ ነው።

ያነበብሽውን የቡድሂስት አስተሳሰብ ለምዕራቡ ዓለም ካስተዋወቁት አንዱ ኢኮኖሚስቱ ሹማከር ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 በርማ ሄዶ ባየው ነገር ተነክቶ ተመለሰ፤ ስለ ቡድሂስት ኢኮኖሚክስም ጻፈ። ያን ሁሉ ጊዜ ግን፣ እስከ 1970 ድረስ፣ ደሞዙን የሚበላው ከብሪታንያ የድንጋይ ከሰል ቦርድ ነበር።

አሁን ወደ መርካቶ ልውሰድሽ። ከመፈረምሽ በፊት አንድ ከሰዓት ምናለሽ ተራ ሂጂ። ቆራሊዮው በማዳበሪያ ተሸክሞ ያመጣውን ሃይላንድ የሚለዩትን ሴቶች አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ እጃቸውን ተመልከቺ። ክዳኑን ይፈታሉ፣ የተለጠፈበትን ይልጣሉ፣ ነጩን ከባለቀለሙ ይለያሉ። ክዳኑ የተሠራው ከሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ስለሆነ ከጠርሙሱ ጋር ቢቀልጥ ያበላሸዋል። ሙጫው ከጠነከረ ሥራቸው ይረዝማል፤ ጠርሙሱ ባለቀለም ከሆነ ገዢው ዋጋውን ይጥለዋል። ሙጫውን፣ ቀለሙንና ክዳኑን የሚወስነው ግን ፋብሪካ ውስጥ ያለ ሰው ነው። አንቺ የምትገቢበት ክፍል ከዚያ ውሳኔ ሩቅ አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት ማንም አይሰማሽም፣ ይህን ዕወቂ። ሥራውን ስትለምጂ ግን «ይህ ሙጫ በሞቀ ውኃ ይለቃል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እዚያ ቤት ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ምናለሽ ተራን በዓይኑ ያየ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞቷል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ እዚያው ሥር ቤት ሠርተው የሚኖሩ ድሆች ነበሩ። ከተማችን የጣለውን ለቅሞ ወደ ጥቅም የሚመልሰው እንዲህ ያለው ሰው ነው፤ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ብሎ የሚጠራው ግን የለም። የአንቺ ትምህርት ለእነዚህ ሰዎች ካልጠቀመ ለማን እንደሚጠቅም አላውቅም።

ስለ ሁለተኛው ድርጅት አልደብቅሽም፣ ያናድደኛል። አካባቢን እጠብቃለሁ እያለ የተመራቂን ጉልበት ስድስት ወር በነጻ የሚወስድ ከሆነ፣ ሙያው ቤተሰቡ ሊቀልበው ለሚችል ልጅ ብቻ ይቀራል። ያው ቡድሃ ሲጋላ ለተባለው ወጣት ስለ አሠሪ ሲመክረው፣ ሥራውን በሠራተኛው አቅም ልክ ስጥ፣ ምግብና ደሞዝ ክፈል፣ ሲታመም አስታምም ብሎታል። ይህን አንቀጽ በጽሑፍሽ ውስጥ አላየሁትም፤ ጨምሪው። ድርጅቱን ግን አትቀየሚው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ልምጣ ብለሽ ጠይቂ።

ወደ ውሉ ልምጣ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 አያልፍም፤ የአደጋ መከላከያ ማቅረብም የአሠሪው ግዴታ ነው። ለግል ድርጅት በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደሞዝ ስለሌለ ስለ ደሞዝሽ ከመፈረምሽ በፊት ተነጋገሪ፤ ከፈረምሽ በኋላ አቅምሽ ያንሳል። ለቃለ መጠይቁ ስትሄጂ ሰርቪስ አለ ወይ፣ የሌሊት ፈረቃ አለ ወይ፣ ከምርት የተበላሸው ጠርሙስ የት ይሄዳል ብለሽ ጠይቂ። በተለይ የመጨረሻውን እንዴት እንደሚመልሱልሽ አስተውዪ።

ውሉን ሲሰጡሽ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ሳትፈርሚ አብረን እናንብበው።