ጎልፍ ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጡ፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

የዚህን እትም አምድ ለጎልፍ ጀማሪዎች ለቀናል። ጥያቄዎቹ ከተለያየ አገር ቢመጡም ጭንቀታቸው አንድ ነው፤ «ሰው ፊት እንዳላፍር» የሚል። ለዚህ ቀድመን የምንለው ነገር አለ። መጥፎ ምት የሁሉም ተጫዋች ዕጣ ስለሆነ ማንም አይታዘብዎትም። ጀማሪ የሚያስነቅፈው ሲዘገይ ነው። ከታች ያለው ምክር ደጋግሞ ወደ ፍጥነት የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤታችን በሦስት ሳምንት ውስጥ የጎልፍ ቀን አዘጋጅቶ አለቃዬ ስሜን አስመዘገበችው። ዱላ ጨብጬ አላውቅም። ሙሉ ዕቃ ልግዛ ወይስ ልከራይ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ጨዋታው «ስክራምብል» እንደሆነ ይጠይቁ። የመሥሪያ ቤት ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ ነው። አራቱም የቡድን አባላት ይመታሉ፤ ከአራቱ ኳሶች ደህና ቦታ ያረፈችው ትመረጥና ሁሉም ከዚያ ቦታ እንደገና ይመታሉ፤ ጉድጓድ እስኪገባ ድረስ እንዲሁ ይቀጥላል። በዚህ አጨዋወት የእርስዎ ስሕተት ቡድኑን አይጎዳም። ግሪን (ጉድጓዱ ያለበት አጭር የታጨደ ሣር) ላይ ግን ሊጠቅሙ ይችላሉ፤ ቀድመው ከመቱ ኳሷ ወዴት እንደምትታጠፍ ለሦስቱ ያሳዩአቸዋል።

ዕቃ አይግዙ፤ ከሜዳው ይከራዩ። ግራኝ ከሆኑ ወይም የሴት ዱላ ከፈለጉ (አጠር፣ ቀለል ያለ ነው) አስቀድመው ይደውሉ፤ ሁሉም ሜዳ አያዘጋጅም። ደንቡ እስከ 14 ዱላ መያዝ ይፈቅዳል፤ ለእርስዎ ስድስት ይበቃል፦ ፓተር (ግሪን ላይ ኳስ ማንከባለያ)፣ ሳንድ ዌጅ (ለአሸዋ)፣ ፒቺንግ ዌጅ (ለአጭር ርቀት)፣ 9 አይረን፣ 7 አይረንና 5 ሀይብሪድ (አይረን የብረት ዱላ፣ ሀይብሪድ ለረጅም ርቀት የሚሆን ዱላ ነው፤ ቁጥሩ የዱላው መለያ እንጂ ብዛቱ አይደለም)። ድራይቨሩን ቦርሳው ውስጥ ይተዉት። ከሁሉም ረጅም ስለሆነ ለመቆጣጠር ያስቸግራል፤ ፊቱ ወደ ኋላ የሚያዘነብለው 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነም ትንሿ ስሕተት ኳሷን ከጫካ ትጥላለች። ጎረቤትዎ በድራይቨር 220 ሜትር ሲመታ ማየት ያጓጓል፤ ቀጥሎ ያንን ኳስ ፍለጋ ሲባዝን ደግሞ ያዩታል።

መግዛት ያለብዎት ኳስ ነው፤ 18 ያህል ይያዙ። ከኩሬ ወጥተው ታጥበው የሚሸጡት ርካሾቹ ለእርስዎ ከውዶቹ አያንሱም። በእያንዳንዷ ላይ በማይለቅ ብዕር ምልክት ያድርጉ፤ የሌላ ሰው ኳስ መምታት ሁለት የቅጣት ምት ያስከትላልና። ከዚያ ሃያ የእንጨት ቲ (ኳሷ የምትቀመጥበት ትንሽ ችንካር)፣ ለግራ እጅ አንድ ጓንት (ግራኝ ከሆኑ ለቀኝ)፣ አንገትጌ ያለው ሸሚዝና ጂንስ ያልሆነ ሱሪ። ጫማው እንዳያንሸራትት እንጂ ስኒከርም ይሆናል።

ከቻሉ ከዕለቱ በፊት ባለ 9 ጉድጓድ ሜዳ ላይ አንድ ጊዜ ይጫወቱ። ለእርስዎ ቅርብ የሆነው እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ስላይጎ ክሪክ ነው፤ ቨርጂኒያ ላሉ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ፓይንክረስት አለ። ሁለቱም ለሕዝብ ክፍት ናቸው፤ አባልነት አይጠየቅም። በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰው ስለሚቀንስ ያንን ሰዓት ይምረጡ።

ጥያቄ፦ ልምምድ ሜዳ ሄጄ 100 ኳስ መታሁ። ግማሹ መሬት ለመሬት ሮጠ፤ የቀረው ወደ ቀኝ ታጠፈ። ጉልበት አንሶኝ ነው? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ጉልበቱ ሳይበዛብዎት አልቀረም። ኳሷ መሬት ለመሬት የምትሮጠው የዱላው የታችኛው ጠርዝ ወገቧን ወይም አናቷን ሲመታት ነው። ይህም የሚሆነው ኳሷን ወደ ላይ ለማንሣት ሲሞክሩ ነው፦ ክብደትዎ ቀኝ እግርዎ ላይ ይቀራል፣ ደረትዎ ቀና ይላል፣ ዱላው ኳሷ ጋ ሲደርስ ወደ ላይ መውጣት ጀምሯል። ማንሣቱን ለዱላው ይተዉለት፤ የ7 አይረን ፊት 30 ዲግሪ ገደማ ያዘነበለው ለዚሁ ነው። መትተው ሲጨርሱ የቀኝ ተረከዝዎ ተነሥቶ፣ እምብርትዎ ወደ ዒላማው ዞሮ፣ በግራ እግርዎ ሦስት ሰከንድ መቆም ከቻሉ ክብደትዎ ተሻግሯል።

ወደ ቀኝ መታጠፉ ሌላ ምክንያት አለው፤ ዱላው ከሚሄድበት አቅጣጫ አንጻር ፊቱ ወደ ቀኝ ተከፍቷል ማለት ነው። መጀመሪያ አያያዝዎን ይመርምሩ። ዱላውን ጨብጠው ወደ ታች ሲያዩ ከግራ እጅዎ የጣት አንጓዎች ሁለቱ መታየት አለባቸው። አንድ ብቻ ከታየ እጅዎን በዱላው ላይ በትንሹ ወደ ቀኝ ያዙሩት። መጀመሪያ ላይ ይጎረብጣል፤ ቢጎረብጥም አይመልሱት። ድንገት ኳሷ በሹል ማዕዘን ወደ ቀኝ ከተፈናጠረች ግን የዱላው አንገት መቷታል፤ በጣም ቀርበው ቆመዋል ወይም ክብደትዎ ወደ ጣቶችዎ ሄዷል። ጥቂት ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ይበሉና ክብደትዎን መሐል እግርዎ ላይ ያሳርፉ።

የልምምድ ሜዳው ምንጣፍ እንደሚዋሽዎትም ይወቁ። ከኳሷ ኋላ 5 ሴንቲሜትር ላይ ቢመቱ ዱላው ምንጣፉ ላይ ተንሸራቶ ኳሷ ጋ ይደርሳል፤ ምቱም ደህና ይመስላል። ሣር ላይ ያው ምት አፈር ዝቆ ኳሷን ሦስት ሜትር ብቻ ያስኬዳታል። መፍትሔው የታጠፈ ፎጣ ከኳሷ 15 ሴንቲሜትር ኋላ አስቀምጦ ሳይነኩት መምታት ነው።

መቶ ኳስ በአንድ ቀን መምታት ድካም ብቻ ነው። ስድሳ ይበቃል፦ 20 በፒቺንግ ዌጅ እጅዎ ከወገብዎ ሳያልፍ፣ 25 በ7 አይረን፣ 15 በሀይብሪድ። በየምቱ መሐል ከቦታዎ ለቀው እንደገና ዒላማ ይያዙ፤ ሜዳ ላይ ሁለት ኳስ በተከታታይ ከአንድ ቦታ አይመታምና። ገንዘብ ካለዎት ለአንድ ሰዓት አሠልጣኝ ይክፈሉ፤ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ይሁን። በኋላ ከሆነ የተበላሸ አያያዝ እጅዎን ለምዶት ለማረም ሁለት እጥፍ ጊዜ ይወስዳል።

ቀሪውን ግማሽ ሰዓት ለፓቲንግ (በፓተር ለመምታት) ይስጡ፤ በብዙ ቦታ በነጻ ነው። ከ3፣ ከ6 እና ከ9 ሜትር እየተፈራረቁ ይምቱ፤ ጉድጓዱን ሳይሆን ርቀቱን ያስቡ። ጀማሪ አንድ ግሪን ላይ ሦስትና አራት ጊዜ የሚመታው አቅጣጫ ስለሳተ ሳይሆን ግማሽ መንገድ ስላስቀረ ወይም በእጥፍ ስላሳለፈ ነው። ከግሪኑ ዳር ያለች ኳስም በ9 አይረን እንደ ፓተር ትመታለች፦ እግር ተቀራርቦ፣ ኳሷ ወደ ቀኝ እግር ጠጋ ብላ፣ ክብደት በግራ ሆኖ፣ የእጅ አንጓ ሳይታጠፍ።

ጥያቄ፦ ጀርመን ውስጥ ሜዳ ላይ ልጫወት ብሄድ «ፕላትስራይፈ» አለዎት ወይ አሉኝ። ምንድን ነው? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ሜዳ ላይ ለመጫወት ብቁ መሆንዎን የሚያሳይ ማስረጃ ነው። በጀርመን አብዛኞቹ ክለቦች ያለ እሱ ዋናው ሜዳ ላይ አያስገቡም። ሥልጠናው ብዙውን ጊዜ ጥቂት ቀናት የሚወስድ ሲሆን በስተመጨረሻው የደንብ ጥያቄና የሜዳ ላይ ፈተና አለው። ሲያልፉ አብዛኛውን ጊዜ 54 የሚባለው ሀንዲካፕ (የተጫዋች ችሎታ መለኪያ ቁጥር) ይሰጥዎታል፤ ከ2020 ጀምሮ በዓለም አቀፉ ሥርዓት ከፍተኛው ይኸው ነው። እስከዚያ ድረስ «ኩርትስፕላትስ» የሚባሉትን አጫጭር ሜዳዎች ይሞክሩ፤ ከእነሱ ብዙዎቹ ማስረጃ አይጠይቁም።

ጥያቄ፦ ኳስ ሲጠፋ፣ ውኃ ውስጥ ሲገባ፣ አየር ስመታ እንዴት ነው የምቆጥረው? ጓደኞቼ እያንዳንዳቸው የተለየ ይነግሩኛል። (ከአትላንታ)

መልስ፦ ከቀላሉ እንጀምር። ለመምታት አስበው ወንጭፈው ከሳቱ አንድ ምት ተቆጥሯል። ልምምድ ከነበረ አይቆጠርም። ገና ሳይመቱ ኳሷ ከቲ ላይ ብትወድቅ ምንም የለበትም፤ መልሰው ያስቀምጧታል።

ኳስ መፈለጊያው ጊዜ 3 ደቂቃ ነው። ከ2019 በፊት 5 ስለነበር የድሮ ተጫዋቾች አሁንም በእሱ ይከራከራሉ። ካልተገኘች፣ ወይም ነጭ ችካል ካለበት ወሰን ውጭ ከወጣች፣ አንድ የቅጣት ምት ጨምረው ቀድሞ ከመቱበት ቦታ ይደግማሉ። ስለዚህ ከቲ (ጨዋታው ከሚጀመርበት ቦታም ቲ ይባላል) የመቷት የመጀመሪያዋ ከጠፋች ከዚያው ቲ የሚመቱት ሦስተኛው ምትዎ ነው። ስሕተቱ የሚመጣው 200 ሜትር ተጉዘው ፈልገው ካጡ በኋላ መልሰው ሲሄዱ ነው፤ ከኋላ ያለው ቡድን እየጠበቀ ነው። ጥርጣሬ ካለዎት ቲውን ሳይለቁ «ፕሮቪዥናል ልምታ ነው» ብለው (የመጀመሪያዋ ካልተገኘች የምትተካ ኳስ ማለት ነው) ድምፅዎን አሰምተው ሁለተኛ ኳስ ይምቱ። ሳይናገሩ ከመቱ ግን የመጀመሪያዋ ብትገኝም አትረባም፤ ሁለተኛዋ ዋና ኳስ ሆናለች። ብዙ ሜዳ ሌላ አማራጭ የሚሰጥ የራሱ ደንብ አለው፦ ኳሷ ከጠፋችበት ቦታ አንጻር ፌርዌይ (ከቲ እስከ ግሪን ያለው የታጨደ መንገድ) ዳር ይጥሉና ሁለት የቅጣት ምት ይጨምራሉ። በዚያ ስሌት ከቲ የጠፋችው ኳስ ቀጣይ ምት አራተኛ ይሆናል። ስኮር ካርዱ (ውጤት መጻፊያው) ጀርባ ላይ ይፈልጉት።

ቀይ ችካል ያለበት ውኃ ወይም ቁጥቋጦ ውስጥ ከገባች አንድ ቅጣት ይጨምሩ፤ ኳሷ ወሰኑን ከተሻገረችበት ነጥብ ሁለት የዱላ ርዝመት ውስጥ፣ ወደ ጉድጓዱ ሳይቀርቡ፣ ከጉልበት ከፍታ ይጣሉ። ከትከሻ መጣል ቀርቷል። የሚለኩት ከፓተር በቀር በቦርሳዎ ባለው ረጅሙ ዱላ ነው።

አሸዋ ውስጥ ሲሆኑ ከመምታትዎ በፊት ዱላዎ አሸዋውን ከኳሷ ፊትም ሆነ ኋላ አይንካ፤ በልምምድ ውንጨፋም ሆነ ወደ ኋላ ሲወነጭፉ ጭምር። ቅጣቱ ሁለት ምት ነው። አመታቱ ደግሞ እንዲህ ነው፦ የሳንድ ዌጁን ፊት ትንሽ ይክፈቱ፣ ከኳሷ 5 ሴንቲሜትር ኋላ አሸዋውን ይምቱና ዱላውን ሳያቆሙ ይጨርሱ። አሸዋው ነው ኳሷን የሚያወጣት። ፈርተው መሐል መንገድ ካቆሙ ኳሷ እዚያው ትቀራለች፤ አሸዋ ሳይነኩ ኳሷን ብቻ ከመቱ ደግሞ ግሪኑን አልፋ ትሄዳለች።

ውድድር ካልሆነ ከጓደኞችዎ ጋር አንድ ነገር ይስማሙ፤ የፓሩን (ለጉድጓዱ የተመደበውን የምት ብዛት) እጥፍ የደረሰ ኳሱን ያንሣ። ፓር 4 ላይ 8 ሲሞላ ይበቃል፤ ካርዱ ላይ 8 ይጻፉና ወደሚቀጥለው።

ጥያቄ፦ ሜዳው ላይ ሌላ ሰው እንዳላስቸግር ምን ልጠንቀቅ? በጾም ቀን ከሆነስ ምን ልያዝ? (ከሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ ከተያዘልዎ ሰዓት 45 ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ። አራት ሰው ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳ ላይ ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ መውሰድ የለበትም። ዝግጁ የሆነ ይምታ፤ በወዳጅነት ጨዋታ ተራ መጠበቅ አያስፈልግም። ለአንድ ምት 40 ሰከንድ ይበቃል። ከጋሪ ሲወርዱ ሁለት ሦስት ዱላ ይዘው ይውረዱ፤ አንድ ብቻ ይዞ ሄዶ ለሌላው መመለስ ከምንም በላይ ጊዜ ይበላል። ቦርሳዎን በግሪኑ የመውጫ በኩል ያቁሙ። ውጤት የሚጻፈው ቀጣዩ ቲ ላይ ደርሶ ነው እንጂ ግሪን ላይ ቆሞ አይደለም። ከፊታችሁ አንድ ጉድጓድ ሙሉ (ከቲው እስከ ግሪኑ) ባዶ ከሆነና ከኋላ ሰዎች ከቆሙ፣ ዳር ቆማችሁ እለፉ በሏቸው።

ኳስዎ ወደ ሰው ካመራች «ፎር!» ብለው ይጩኹ፤ ይሉኝታ አይያዝዎ። እርስዎ ከሰሙ ዞረው አይዩ፤ ራስዎን በክንድዎ ሸፍነው ጎንበስ ይበሉ። ግሪን ላይ የሌላ ሰው ኳስ የምትሄድበትን መስመር አይርገጡ፤ ጋሪም አይጠጋው። ኳስዎ ስትወድቅ የሠራችውን ጎድጓዳ ለዚሁ በተሠራ ትንሽ ሹካ ከዳር ወደ መሐል ገፍተው ይድፈኑ፤ ከሥር ወደ ላይ መፈንቀል ሥሩን ይበጥስና ቦታው ይደርቃል። አሸዋ ከነኩ በሬኩ (በአሸዋ ማስተካከያው) አስተካክለው ይውጡ።

ርቀት ለማወቅ ፌርዌዩ ላይ የተተከሉ ምልክቶች አሉ። አሜሪካ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ቀዩ 100፣ ነጩ 150፣ ሰማያዊው 200 ያርድ ነው፤ 1 ያርድ 0.91 ሜትር ነው። የሚጀምሩበትን ቲ ሲመርጡ ወደ ፊት የቀረበውን ይውሰዱ። ወንድ ቢሆኑም ያው ነው።

ስለ ጾሙ፦ በእግር ከሄዱ 18 ጉድጓድ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ተኩል ሊትር ውኃ፣ ሙዝና ቆሎ በቂ ነው፤ ከ9ኛው ጉድጓድ በኋላ ሳይርብዎት ይቅመሱ። የጾም ሰዓትዎ እስከ ከሰዓት ከሆነ ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት ያስይዙ።

ጥያቄ፦ ውጭ አገር ተለማምጄ አዲስ አበባ ስመታ ኳሷ ግሪኑን ታልፋለች። ዱላው ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አየሩ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቷል፤ ኳሷን የሚይዛት ያንሳል። ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በግምት ከ8 እስከ 10 በመቶ ይርቃል። እዚያ 120 ሜትር የሚያስኬድዎት 7 አይረን እዚህ 130 አካባቢ ያደርሳል፤ ስለዚህ ከእሱ ያነሰ የሚያስኬደውን 8 አይረን ይውሰዱ። ይህ ልዩነት በፓተር አይኖርም፤ በአጫጭር ምቶችም ብዙም አይታወቅም።