በጣቴ የያዝሁት ጫፍ

ባለፈው ሳምንት ከአንዲት ተለማማጅ ሐኪም ጋር የአንድ ሕፃን ክንድ ራጅ ስናይ፣ «ዶክተር፣ ስብራቱ እንዲህ አፍጥጦ እየታየ ክርኑና የእጅ አንጓው ፊልሙ ውስጥ ካልገቡ ይደገም የሚሉት ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መጽሐፍ የሚለውን መልሼላት ተለያየን፤ ነገር ግን የጅማን ፈረንጅ አራዳ ሰፈር አቋርጬ ቤቴ እስክደርስ ድረስ ያልነገርኋት ነገር ሲከነክነኝ ስለ ቆየ፣ ለእርሷም ለእኩዮቿም ይህን እጽፋለሁ።

በተመረቅሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በቡና ለቀማ ወቅት፣ አንድ አባት ከማና ወረዳ የሰባት ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጁ ከአቮካዶ ዛፍ ወድቆ ግራ ክንዱ አብጧል። አባትየው አስቀድመው ለመንደራቸው ወጌሻ አሳይተውት ኖሮ፣ «አጥንቱ ብቻ አይደለም፣ ክርኑም ወልቋልና ሐኪም ቤት ውሰደው ብሎኛል» አሉኝ። እኔም፣ ዛሬ ለመናገር ያሳፍረኛል፣ ፈገግ አልሁ። ራጁ ከተነሣ በኋላ መብራት ስለ ጠፋ፣ ገና ከማጠቢያው የወጣውን እርጥብ ፊልም በጫፉ ይዤ ወደ መስኮቱ አቀናሁት። (የዚያ የጨለማ ክፍል ሆምጣጤ ሆምጣጤ የሚል ሽታ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልጠፋም።) በትንሿ ጣት በኩል ያለው አጥንት፣ አልና የምንለው፣ ከላይኛው ሲሶው ላይ ተሰብሮ አየሁ፤ ያየሁትም እርሱን ብቻ ነበር። ጀሶ አድርጌለት ሸኘኋቸው።

ጀሶው ከተፈታ ከወራት በኋላ አባትየው ተመለሱ። ስብራቱ ገጥሟል፤ ቅሬታቸው ሌላ ነበር። «ሰው አንድ ነገር ሲሰጠው በሁለት እጁ መቀበል አቃተው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ባለጌ ይለዋል» አሉኝ። ልጁን መዳፎችህን ዘርጋ ብለው፣ ቀኙ ወደ ላይ ሲገለበጥ ግራው በጎኑ ቆሞ ቀረ። የመጀመሪያውን ፊልም አስፈልጌ ሳየው ክርኑ ከጠርዙ ላይ በግማሽ ይታያል፤ ያን ቀን በጣቶቼ ይዤው የነበረው ጫፍ ነው። በአውራ ጣት በኩል ያለው አጥንት፣ የራዲየስ ራስ፣ ከቦታው ወጥቷል። ለቀዶ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ላክሁት፤ የተሻለው ግን በከፊል ነው።

ጉዳቱ የሚጠራው በሚላኖው ቀዶ ሐኪም በጆቫኒ ባቲስታ ሞንቴጂያ ስም ነው። እርሱ በ1814 እ.ኤ.አ. ሲገልጸው ሮንትገን የራጅን ጨረር እስኪያገኝ ገና 81 ዓመት ይቀር ነበር፤ ሞንቴጂያም ቢሆን የአንዲት ልጃገረድን ውልቃት የተረዳው ክንዷ ለአንድ ወር ታስሮ ከቆየ በኋላ ነው። ሁለቱ የክንድ አጥንቶች ከላይና ከታች ተያይዘው እንደ ቀለበት ስለሚሆኑ፣ አንዱ ተሰብሮ ካጠረ ሌላው ወይ ይሰበራል ወይ ከመገጣጠሚያው ይወጣል። በራዲየስ አንገት መሐል የሚሳል መስመር፣ ፊልሙ በየትኛውም አቅጣጫ ቢነሣ፣ በላይኛው ክንድ አጥንት ጫፍ ያለውን ክብ አጥንት፣ ካፒቴለምን፣ መምታት አለበት። የተሰበረው ራዲየሱ ከሆነ ደግሞ አንጓውን ተመልከቱ።

ስለ ወጌሾች ያለኝ አስተያየት ቀጥ ያለ አይደለም። በቀርከሃ ጠብቆ ታስሮ ደም በማጣት የጠቆረ ክንድ ይዘው የመጡ፣ እጃቸውም የተቆረጠ ሕፃናት አይቻለሁ፤ ስለዚህ ወደ ወጌሻ አትሂዱ ስል ኖሬአለሁ፣ አሁንም እላለሁ። ነገር ግን የዚያን ልጅ ክርን የዳሰሰው የመንደሩ ወጌሻ ነበር፤ እኔ አልዳሰስሁም።

የዛሬ ወጣቶች ከእኛ ይልቅ ታነባላችሁ፤ መዳሰስ ግን ትፈራላችሁ። ራጁን በስልክ አንስታችሁ፣ ስብራቱን አጉልታችሁና ጠርዙን ቆርጣችሁ በቴሌግራም ትልኩልኛላችሁ፤ እኔም እየተቆጣሁ እመልሳለሁ። ይሁንና ባለፈው ክረምት ከአንድ ወረዳ የመጣ እንዲህ ያለ ፎቶ አንዲትን ልጅ ለዕድሜ ልክ ጉዳት ከመዳረግ አድኗታል። ደግሞም ትኩሳት ያለው ልጅ ክንዱን አላስነካ ሲል፣ ራጁ ንጹሕ ነው ብላችሁ አትሸኙት፤ መግል የያዘ አጥንት በፊልም ላይ ለመታየት ከ10 እስከ 14 ቀን ሊወስድ ይችላል።

ባለፈው ሳምንት ያየነው ራጅ በዚያው ዕለት ክርኑ ገብቶ ተደገመ፤ መስመሩም ካፒቴለሙን መታ። ፊልሙ እስኪመጣ ግን የሕፃኑን ክርን ሁለት ጊዜ ዳስሼው ነበር።