ቡናው «በና» እንዳይሆን፤ ለድሬና ለሐረር ጀማሪ ዲዛይነሮች

ልጆቼ፣

ሎጎና ታፔላ መሥራት የጀመረ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ፎንት ያምራል?» ብሎ ነው። ከዚያ በፊት ፊደሉን ራሱን ቀረብ ብላችሁ እዩት። «ቡና» ብላችሁ ጻፉና አጉሉት። ቡን ከበ የሚለየው ከቀኝ እግሩ ወገብ ላይ የወጣች አንዲት አጭር ጭረት ናት። ያቺው ጭረት ወደ እግሩ ጫፍ ብትወርድ ቢ ትሆናለች። አሁን ቃሉን ወፍራም አድርጋችሁ በ6 ነጥብ (የፊደል መጠን መለኪያው ፖይንት) አትሙት። ጭረቷ እግሩ ውስጥ ትዋጣለች፤ ከረጢቱ ላይ የቀረው «በና» ነው። ሐ፣ ጠ እና ጨም እንደዚሁ ናቸው። በሦስቱ እግሮች መካከል ያለው ነጭ ቦታ ከተዘጋ ፊደሉ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል። ስለዚህ ፎንት ስትመርጡ ከጥቁሩ መስመር ይልቅ በውስጡ የቀረውን ነጭ እዩ።

ይህን ነጭ ቦታ በብዛት የሚገድለው የቦልድ ቁልፍ ነው። ኒያላ የሚባለውን ፎንት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የተሠራው በአንድ ውፍረት ብቻ ነው። ቦልድ ስትሉት ፕሮግራሙ መስመሩን በግድ ያሳብጠዋል እንጂ በሰው እጅ የተሣለ ደማቅ ፊደል አያመጣላችሁም። ደማቅ ከፈለጋችሁ ከመነሻው በብዙ ውፍረት የተሣለ ፎንት ውሰዱ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ አለው፣ በነፃም ይገኛል። ለረጅም ጽሑፍ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ዓይን አያደክሙም። የግዕዝ ፊደልን አታዝምሙት፤ እግሩ ሲጋደል ጭረቶቹ ቦታቸውን ይስታሉ።

የመስመር ርቀትንም ለፕሮግራሙ አትተዉለት። የላቲን ትንንሽ ፊደላት ከፍና ዝቅ ስለሚሉ በመስመሮቹ መካከል አየር ይገባል። የእኛዎቹ ግን ቁመታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ሲጠጋጉ ግድግዳ ይሆናሉ። በ12 ነጥብ ለተጻፈ ጽሑፍ እስከ 18 ነጥብ ርቀት ስጡት።

ደንበኛ በፓወር ግዕዝ፣ በአማርኛ መተየቢያው ፕሮግራም፣ የተተየበ የቆየ ጽሑፍ ሲያመጣላችሁ፣ ፎንቱን ስትቀይሩ የማይነበብ የላቲን ምልክት ሆኖ ይወጣል። ጽሑፉ አልተበላሸም፤ በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት ቁጥር፣ አልተጻፈም ማለት ብቻ ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ወደ ዩኒኮድ ለውጡትና ከዋናው ጋር ቃል በቃል አስተያዩት።

ድሬ ላይ አንድ ታፔላ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አንዳንዴም እንግሊዝኛ ይሸከማል፤ የአብዛኛው ታፔላ ችግር የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። «ድሬዳዋ» በግዕዝ 4 ፊደል ናት፤ በኦሮምኛ ስትጻፍ 12 ፊደል ትሆናለች። ሁለቱን እኩል ርዝመት ለማድረግ ሲሉ ላቲኑን ከጎንና ከጎን የሚጨፈልቁ አሉ። ይህ የሰውን ቋንቋ ማሳነስ ነው፣ አንባቢውም ያውቀዋል። ይልቅ ረጅሙን መስመር መጀመሪያ አስቀምጡና አማርኛውን በእሱ ልክ መጥኑት። የነጥብ ቁጥሩን አትመኑ፤ የላቲኑ ትንንሽ ፊደላት በተመሳሳይ ነጥብ ከግዕዙ አንሰው ስለሚታዩ በዓይናችሁ እስኪመጣጠኑ ድረስ ላቲኑን ከፍ አድርጉት። ቁመትን በተመለከተ፣ ለየ3 ሜትር ርቀት 2.5 ሳንቲ ሜትር ያዙ። ከ30 ሜትር፣ ባጃጅ ላይ ሆኖ እንዲነበብ የምትፈልጉት ስም 25 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል። ጭረቱ ለበዛበት ፊደል ደግሞ ጨመር አድርጉ።

ቀለምን በቀትር ፀሐይ አስቡት። ድሬ ውስጥ ከዚራ ሰፈር ላይ የከረመ ባነር ቀይና ቢጫው ቀድሞ ይለቅና ሰማያዊውና ጥቁሩ ይቀራል። ስልክ ቁጥርን በቀይ አትጻፉ። ቀይ ጽሑፍ በአረንጓዴ ላይ ደማቅ ይመስላል፤ ሥራውን ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጣችሁ ስታዩት ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ሙከራ ለእያንዳንዱ ሥራ አድርጉ፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ለኅትመት ሲሆን ፋይሉን ከአርጂቢ (ከስክሪን ቀለም) ወደ ሲኤምዋይኬ (ወደ አራቱ የማተሚያ ቀለማት) ለውጡ፤ ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴ እዚያው ይደበዝዛል፣ ደንበኛው ከመክፈሉ በፊት ይየው። ትንንሽ ጥቁር ጽሑፍ በጥቁር ቀለም ብቻ 100 በመቶ ይሁን። ከአራቱም ቀለም ከተቀላቀለ ማሽኑ በፀጉር ስፋት ሲስት በፊደሉ ዙሪያ ባለቀለም ጥላ ይወጣል።

ስለ ሎጎ አንድ ልመና አለኝ። የሐረር ሥራ ሁሉ የጀጎል በርና ጅብ፣ የድሬ ሥራ ሁሉ ባቡር መሆኑ ይብቃ። የበሩ የድንጋይ መስመር በ2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይጠፋል፣ ደግሞም ከጎረቤቱ ሱቅ አይለይም። ሐረር ሥዕል አላጣችም፦ የሰፌዱን ጥለት ተመልከቱ፣ በሐረሪ ቤት ውስጥ ያለውን የመቀመጫ መደብ፣ የነደባውን፣ ቀይ ተመልከቱ። ከእነዚያ አንድ ቅርጽ፣ አንድ ቀለም ይበቃል። መጀመሪያ በእርሳስ፣ ቀጥሎ በጥቁር ብቻ ሥሩ። 1.5 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ አትሙት፣ ጥቁር መደብ ላይ ነጭ አድርጋችሁም ሞክሩት፤ ማህተም ሲሆንና ኮፍያ ላይ በክር ሲጠለፍ እንዴት እንደሚሆን አስቡ። በቬክተር፣ ማለትም ቢያጎሉትም በማይበላሽ መስመር፣ ሥሩት እንጂ በፒክስል አይሁን። 500 ፒክስል ስፋት ያለው ሎጎ 2 ሜትር ባነር ላይ ሲዘረጋ በኢንች 6 ፒክስል ብቻ ይደርሰዋል፤ ደረጃ ደረጃ ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው።

ወደ ማተሚያ ቤት ስትልኩ የጀርባው ቀለም ከሚቆረጥበት መስመር በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ይለፍ። 9 በ5 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ቢዝነስ ካርድ ፋይሉ 9.6 በ5.6 ይሆናል። መቁረጫው ትንሽ ከሳተ ጠርዙ ላይ ነጭ ክር እንዳይቀር ነው። ጽሑፉን ግን ከሚቆረጠው ጠርዝ 5 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ አስገቡት። ፊደሎቹን ወደ ከርቭ (ፎንት ወደማይፈልግ ሥዕል) ከመለወጣችሁ በፊት የሚስተካከለውን ቅጂ ለብቻ አስቀምጡ፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ስሕተት ቢገኝ መተየብ አይቻልም። በቴሌግራም ስትልኩም በፎቶ ሳይሆን በፋይል ይሁን፣ ፎቶው ይጨመቃል። ከመላካችሁ በፊት ደግሞ ባለቤቱን አንድ ነገር ጠይቁት፦ ንግድ ፈቃዱ ላይ የተጻፈው «ሐረር» ነው ወይስ «ሀረር»? ታፔላው፣ ማህተሙና ካርዱ ያንኑ ይጻፉ።