ሁለት ጊዜ ተጣብቆ የለቀቀው የእስፒከር ፍሬም

ጥያቄ፦ አባቴ በ1970ዎቹ የገዟቸው ሁለት ትልልቅ የሳሎን እስፒከሮች አሉኝ። ድምፃቸው ዛሬም ደህና ነው፤ ነገር ግን ጨርቅ የተወጠረበት የአንደኛው የፊት ፕላስቲክ ማዕዘኑ ላይ ተሰንጥቋል፤ ከሣጥኑ ጋር የሚያያይዙት ሁለት ችንካሮችም ተሰብረዋል። ከሄርማታ ገበያ በገዛሁት ሱፐር ግሉ ሁለት ጊዜ ባጣብቀውም ሳምንት ሳይሞላው ለቀቀ። የተሻለ ማጣበቂያ ይኖር ይሆን? ወይስ በጋለ ቢላዋ ላቅልጠው?
አንባቢ፣ ከጅማ

መልስ፦ ችግሩ ከማጣበቂያው ይልቅ ከጨርቁ ይጀምራል። የተወጠረው ጨርቅ አራቱንም ማዕዘን ቀንና ሌሊት ወደ ውስጥ ስለሚስብ፣ በዕድሜ ብዛት ተሰባሪ የሆነው ፕላስቲክ በመጀመሪያ የሚሸነፈው እዚያው ነው። ሱፐር ግሉ ደግሞ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ስለሚሆን ይህን ስበት አይችልም። በተጨማሪም የሚደርቀው ከአየር በሚያገኘው እርጥበት በመሆኑ፣ እንደ ጅማ ባለ እርጥብ ክረምት ቶሎ ይይዝና ዙሪያውን ነጭ ጭጋግ ይተዋል። ስለዚህ አስቀድመው ጨርቁን በጥንቃቄ ያላቅቁት።

ቀጥሎ ፕላስቲኩን ይለዩ። በጥጥ ጫፍ ጥቂት አሴቶን (አንዳንድ ፕላስቲክ የሚያሟሟ ፈሳሽ) ነክረው በማይታየው የጀርባ ጥግ ላይ ይንኩት፤ ቦታው ለስልሶ እጅ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ኤቢኤስ ወይም ፖሊስታይሪን ነው፤ በአሴቶን ይጠገናል ማለት ነው። ምንም ካልሆነና ስባሪው ውሃ ላይ ከተንሳፈፈ ግን ፖሊፕሮፒሊን ሊሆን ስለሚችል ተራ ማጣበቂያ አይዘውም። ከመዋቢያ ሱቅ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚገዙ ከሆነ አሴቶን እንዳለበት ጽሑፉን ያንብቡ፤ የሌለባቸውም አሉና።

የደረቀውን ሱፐር ግሉ በምላጭ ፍቀው ያንሱ። አሴቶን ያስለቅቀዋል፣ ነገር ግን ፍሬሙንም አብሮ ይበላዋል። ከዚያም ስንጥቁ በሚያበቃበት ጫፍ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ክብ ቀዳዳ ይብሱ። ሹሉ ጫፍ ክብ ሲሆን ስበቱ አንድ ነጥብ ላይ መከማቸቱ ስለሚቀር ስንጥቁ ወደፊት አይሄድም። ብዙ ሰው ይህችን ቀዳዳ ይዘልላታል፤ በእኔ እምነት ግን ከጥገናው ሁሉ የምትበልጠው እርሷ ናት። ይህን ሥራ ከሣጥኑ ርቀው ይሥሩት፤ የእስፒከሩ ማግኔት የብረት ብናኝ ይስባልና።

ለመሙያው፣ ከተመሳሳይ ፕላስቲክ ጥቂት ፍርፋሪ በብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ በአሴቶን አሟሟተው እንደ ማር እስኪወፍር ይጠብቁ። ስንጥቁ ውስጥ ሞልተው፣ ሁለቱን ከንፈሮች ገጥመው፣ ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይነኩት ይተዉት፤ በእርግጥ ሁለት ቀን ቢቆይ የተሻለ ነው። አሴቶን በቀላሉ ስለሚቀጣጠል የቡና ከሰል በተያያዘበት ክፍል ፈጽሞ አይሥሩ፤ መስኮትም ይክፈቱ። የጋለ ቢላዋውን ይተዉት፤ መርዛማ ጭስ ያወጣል፣ የተቃጠለው ጠርዝም ይደክማል።

ሲደርቅ ጀርባውን በብርጭቆ ወረቀት አሻክረው፣ አንድ ጣት የሚያክል የወንፊት ሽቦ ቁራጭ በኤፖክሲ (ሁለት ክፍሎቹ ሲቀላቀሉ በሚጠነክር ማጣበቂያ) ይለጥፉበት። ከፊት በኩል አይታይም፣ ሸክሙን ግን እርሱ ይይዘዋል። ለችንካሮቹም መንገዱ ያው ነው፤ ስብራቱን ከሁለቱም ወገን በ2 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ሰርስረው፣ ራሱ የተቆረጠ ቀጭን ምስማር በኤፖክሲ መሐል ያስገቡ። ኤፖክሲው እስኪጠነክር ችንካሩ ቀጥ ብሎ መቆሙን ደጋግመው ይመልከቱ፤ ቢያጋድል ሣጥኑ ላይ ያለው ቀዳዳ አይቀበለውም።

ጨርቁን ሲመልሱ ከጎኖቹ መሐል ጀምረው ወደ ማዕዘኖቹ ይሂዱ፤ ሳይጨማደድ ቀጥ ለማለት የሚበቃውን ያህል ብቻ ወጥረው፣ የተጠገነውን ማዕዘን መጨረሻ ያድርጉት።