ድካም ሁሉ መስቀል ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? እናቴ ስትሮክ መትቷት ከሆስፒታል ወጥታ እኔ ጋ ናት። ግማሽ ጎኗ አይንቀሳቀስም። ቤታችን አሮጌ ነው፤ ቆርቆሮው ያፈሳል። ክረምቱ ሳይገባ ላሳድሰው ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ ኮርኒሱ፣ ቀለሙ፣ የኩሽናው ሴራሚክ እየተከተለ መጣ። ከሥራ ተመልሼ፣ እናቴን አጥቤና አብልቼ፣ ሠራተኞቹ የተዉትን አቧራ ጠርጌ ስጨርስ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ይሆናል። ወንድሜ ላግዝሽ ይለኛል፤ እኔ ግን ማስቸገር አልወድም። ባለፈው ቅዳሜ ጸጉሬን ልሠራ ወጥቼ አንድ ሰዓት ተኩል ቆየሁ። ስመለስ አለቀስኩ። እናቴ አልጋ ላይ ሆና እኔ ለሥጋዬ ስል! ይህ መስቀሌ ከሆነ ሳላጉረመርም ልሸከመው። ግን ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍም እምቢ ብሎኛል። ማረፍ ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ። ኃጢአት አይሆንብሽም። ይህን አስቀድሜ ልንገርሽና በእርጋታ አንብቢው።

ስለ ጸሎቱና ስለ ጾሙ የምነግርሽ የለም፤ ታውቂዋለሽ። እኔን ያስቆመኝ «ይህ መስቀሌ ከሆነ» ያልሽው ነው። ይህን ቃል ከብዙ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ፤ ከሴቶች ደግሞ ይበልጥ። ሰው ሲደክመው ድካሙን በጅምላ መስቀል ይለዋል። መስቀል ካለው በኋላ ማን ደፍሮ ይቀንስለታል? ከትከሻው ላውርድልህ የሚለው ሁሉ ፈታኝ ይመስለዋል።

እናትሽን ማጠብሽን፣ ማጉረስሽን፣ ሌሊት ስትጣራ መነሣትሽን መስቀል ብትዪው አልከራከርሽም። ያሸከመሽ ፍቅር ነው። ሴራሚኩ ግን መስቀል አይደለም። አንቺ የጀመርሽው፣ ልታቆሚውም የምትችዪው ሥራ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አስረሽ ተሸክመሻል፤ የከበደሽም ለዚህ ነው።

«ጳውሎስስ ሥጋዬን እጎስማለሁ ብሎ የለም?» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ብሏል። ግን የት ነው ያለው? በ1ኛ ቆሮንቶስ 9 ስለ ሯጮች እየተናገረ ነው። ሯጭ ራሱን የሚገዛው ሩጫውን ለመጨረስ ነው እንጂ መንገድ ላይ ለመውደቅ አይደለም። ያው ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆድህና ስለ በሽታህ ብዛት ጥቂት የወይን ጠጅ ጠጣ ብሎታል። የልጁን ሆድ ሕመም ያሰበ ሐዋርያ ያንቺን እንቅልፍ ማጣት ይንቃል? ባሕታዊውም ቢሆን ሥጋውን የሚያደክመው በመንፈሳዊ አባቱ ምክር ነው። የሚያገላብጣት እናት ደግሞ አልጋ ላይ የለችበትም።

ነቢዩ ኤልያስን አስቢው። በ1ኛ ነገሥት 19 ኤልዛቤል ልትገድለው ስትዝት ሸሽቶ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀመጠ። «ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ» አለ። ከሰማይ እሳት ያወረደው ኤልያስ ነው ይህን ያለው! እግዚአብሔር ምን አደረገ? አልገሠጸውም። እምነትህ የት ሄደ አላለውም። መልአክ ልኮ ዳሰሰውና «ተነሥተህ ብላ» አስባለው። ቀና ሲል ራስጌው እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አገኘ። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጣ፤ አሁንም ስብከት የለም። «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» ብቻ ነው ያለው። በዚያ ምግብ ኃይል 40 ቀንና 40 ሌሊት እስከ ኮሬብ ሄደ። እግዚአብሔር ያነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ እንጎቻ፣ መጀመሪያ እንቅልፍ።

ያንቺም መንገድ ሩቅ ነው። ከስትሮክ በኋላ ማገገም ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ይወስዳል። መንቀሳቀስ የማይችል ሰው በየጊዜው ካልተገላበጠ ጀርባው ይቆስላል። እሱን የሚያደርገው ያንቺ ክንድና ወገብ ነው። አንቺ ብትወድቂ የተወለወለው ኩሽና እናትሽን አያገላብጣትም።

በአብነት ትምህርት ቤት ሳለሁ አንድ ጓደኛችን ነበር። ሌሊት ሌሊት ዜማ ሲቀጽል፣ ማለትም ሲያጠና፣ ዐይኑ ደም ይመስል ነበር። አንድ ቀን የኔታ ፊት ቆሞ ሲያዜም ጉልበቱ ከዳው። ጽናቱን ያመሰግኑለታል ብለን ጠበቅን። የኔታ ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱትና «ሂድ ተኛ፤ ዜማው የትም አይሄድብህም» አሉት። ነገ ከነገ ወዲያም አላስቀጸሉትም። ሦስተኛው ቀን ላይ ራሳቸው ጠሩት። ያ ልጅ ዛሬ መሪጌታ ነው።

ሰንበትንም አስቢ። መነኩሴው አቡነ ኤዎስጣቴዎስና ተከታዮቻቸው ስለ ቀዳሚት ሰንበት፣ ማለትም ስለ ቅዳሜ፣ ሲሉ አገር ጥለው ተሰድደዋል። በኋላም በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ፣ የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቀዳሚትም እሑድም እንዲከበሩ አጸና። አባቶቻችን በዕረፍት ቀን ጉዳይ ይህን ያህል የደከሙት ቀልድ መስሏቸው አይደለም። በዘዳግም 5 አህያው እንኳ እንዲያርፍ ታዟል። አንቺ ከአህያው ታንሻለሽ? ሠራተኞቹንም በሰንበት አትጥሪያቸው፤ እነሱም ነፍስ አላቸው።

ጣሪያው ይሠራ። በሐምሌ ዝናብ የበሽተኛ አልጋ ላይ ውኃ እንዲንጠባጠብ ማንም አይፈቅድም። ስቱኮው፣ ቀለሙ፣ ሴራሚኩ የመስቀል በዓል ካለፈ በኋላ ይደርሳል። ስቱኮ ሲፋቅ ያየሽ እንደሆነ አቧራው ትራሷ ላይ ሳይቀር ያርፋል፤ ለእሷም ደረት ደግ አይደለም።

ስለ ጸጉርሽ ያለቀስሽውን ተዪው። ጸጉሯን ተሠርታ፣ ፊቷ ፈካ ብሎ የምትገባ ልጅ ማየት ለእናት መድኃኒት ነው። የልብሽን ምት ግን ዝም አትበዪው፤ በዚህ ሳምንት ሐኪም ይይሽ። ጸበሉም አለ፣ ሐኪሙም የእግዚአብሔር ነው።

በአንድ ነገር ግን ልቆጣሽ ነው። ወንድምሽን ማስቸገር አልወድም ያልሽው ልክ አይደለም። እናቱ እኮ ናት! ምርቃቷን ብቻሽን ልትወስጂው ነው? ዛሬ ማታ ደውዪለትና በሳምንት ሁለት ሌሊት እሷ ጋ ይደር። ቀስቅሶ የሚያገላብጥበትን ሰዓት አሳዪውና አንቺ ሌላ ክፍል ገብተሽ ተኚ። መጀመሪያ ቀን ያጎድላል፤ ተዪው፣ ይለምዳል።

እሑድ እሱ እናታችሁ ጋ ሲሆን አንቺ ቅዳሴ ነይ። ስታበቂ ቤተ ልሔሙ አጠገብ እጠብቅሻለሁ። የእናትሽን የክርስትና ስም ጽፈሽ ያዢልኝ፤ የአንቺንም ጨምሪበት።